አልነበብ ያለ አሻራ

ስለ ሥራው የነገሩኝ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴት ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ እሁድ ከአምልኮ ወጥተን ፓርኪንጉ ውስጥ ተሰነባብተን፣ መኪናዬ ውስጥ ለመግባት ወገቤን በእጄ ደግፌ ስጎብጥ አዩኝና ተመለሱ።

«አሁንም እዚያው ሆቴል ነሽ?»

«እዚያው ነኝ እትዬ።»

«እዚያ ከገባሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?»

«አስራ አንድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ ልጅ፣ ወገብ እንደ መኪና ጎማ አይቀየርም» አሉኝ።

እሳቸው ባስ ኤይድ ናቸው። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በሚያመላልስ ቢጫ አውቶቡስ ከሹፌሩ ጋር ይሄዳሉ። ልጆቹን ያስገባሉ፣ ቀበቶ ያስራሉ፣ ዊልቸር ካለ እንዳይንሸራተት ከወለሉ ጋር ያጠብቃሉ፣ ትምህርት ቤት እስኪደርሱ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ኦገስት ላይ ለሚከፈተው ትምህርት አዲስ ሰው እየፈለጉ ነው አሉኝ። «ኢንሹራንስ አለው፣ ሰመር ላይ ትምህርት ሲዘጋ ታርፊያለሽ። ዛሬውኑ አፕላይ አድርጊ። ነገ ስትዪ ሌላ ሰው ይገባበታል።»

እኔ ኢስተን በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳ ነበር። በቀን አስራ አራት ክፍል፣ እንግዳ ሲበዛ አስራ ስድስት። አንሶላ መግፈፍ፣ ማንጠፍ፣ ሽንት ቤት መፈተግ፣ መስታወት መወልወል። ጓንት ይሰጡናል። ግን ጓንት አጥልቆ አንሶላ ማጥበቅ አይመችም፤ እያወለቁ እያጠለቁ ደግሞ ሰዓቱ አይበቃም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምንሠራው በባዶ እጃችን ነበር። በረኪናውም ሌላውም የሚያርፈው ጣታችን ላይ ነው። ያኔ ማንም ስለ ጣት አያስብም፤ የሚያመን ወገብና ጉልበት ነው።

ማመልከቻውን ከልጄ ጋር ሞላነው፣ ሬይኖልድስበርግ ባለው አፓርታማችን፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ። ልጄ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ታሪክ እያልን ወረድን። ከዚያ ቆም አለች።

«ልዩ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ጋር ልምድ አለሽ ወይ ይላል። የለሽም፣ አይደል?»

ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣቴ ሰበሰብኩ።

«ማም?»

«የለኝም በይ» አልኳት።

እውነቱ እንደዚያ አልነበረም። ግን ያንን ነገር ለራሷ ለልጄ እንኳን ነግሬያት አላውቅም፤ ለፎርም የምነግርበት ምክንያት አልታየኝም።

ሦስት ሳምንት ከቀጣሪዎቹ ምንም ሳልሰማ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተንበርክኬ ስፈትግ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና አነሳሁት። የቅጥር ክፍል ሠራተኛ ነኝ ያለች ሴት ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ለኢንተርቪው መምጣት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እችላለሁ አልኩ። አድራሻውን ስትነግረኝ የምጽፍበት አልነበረኝም፤ ጣቴን ሳሙና ውስጥ ነክሬ መስታወቱ ላይ ጻፍኩት። ልክ ስልኩን ስዘጋ ሱፐርቫይዘሯ ኮሪደሩ ላይ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። መስታወቱን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና በፎጣ ጠርጌ ወጣሁ። ሐሙስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብዬ ዋሸኋት።

የኢንተርቪው ቢሮ የአውቶቡሶቹ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ፤ የደወለችልኝ ሴትና የግቢው ኃላፊ፣ ጢሙ የሸበተ ወፍራም ሰውዬ። መጀመሪያ ስለ ሆቴሉ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ሰውዬው ወደፊት ጠጋ አለ።

«አውቶቡሱ እየሄደ ነው። አንድ ልጅ ይጮሃል፣ ቀበቶውን ይፈታል፣ ይማታል። ምን ታደርጊያለሽ?»

ይህንን ከልጄ ጋር አጥንቼዋለሁ። «ተረጋግቼ መመሪያውን እከተላለሁ፣ ለሹፌሩም አሳውቃለሁ» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ፣ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉን» አለ። «ልጁ ግን አሁንም እየጮኸ ነው።»

የተጠናው አልቋል። ሁለቱም ያዩኛል፣ ውጭ አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲሄድ ጲጵ ጲጵ ይላል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ወንድሜ አይናገርም ነበር» አልኩ። «ሲከፋው ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እናቴ ይዛ ልታስቆመው ትሞክራለች፤ ሲይዙት ይብስበታል። እኔ አልይዘውም። እጄን በግንባሩና በግድግዳው መካከል አደርገዋለሁ። እስኪበቃው እጄን ይመታል። ከዚያ ይተዋል።»

«ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስጀምር ዘጠኝ። ሃያ እስኪሆነኝ እንደዚያው ነበርን።»

ሴትዮዋ ወረቀቶቿን ገለበጠች። «ፎርሙ ላይ ግን ልምድ የለኝም ነው ያልሽው።»

ፎርም ላይ የዋሸ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚደርስበት ሲወራ እሰማለሁ።

«ሥራ አልነበረም» አልኩ። «ወንድሜ ነው።»

ተያዩ። እናሳውቅሻለን ብለው ሸኙኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ። ወንድሜ ከሞተ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አስገብተን በሩን እንዘጋበት ነበር። ይህንን ለማንም ሳልናገር ኖሬ፣ ለማላውቃቸው ሁለት ሰዎች በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገርኩት።

በሳምንቱ ኢሜይል መጣ። ልጄ ገና ሁለተኛውን መስመር ስታነብ ጮኸች። «ዩ ጋት ኢት፣ ማም!» ሥራውን አገኘሽ ማለቷ ነው። ባለቤቴ ዕቃ ከሚጭንበት ዌርሃውስ እስኪመለስ መጠበቅ አቅቶን ደወልንለት። ደብዳቤው ግርጌ ላይ «የአሻራ ምርመራው ካለፈ» የሚል ነበረበት። ልጄ አንብባልኛለች፣ እኔም ሰምቻለሁ። ግን እኔና ወንጀል ምን አገናኘን ብዬ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በማግስቱ ሆቴሉን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደምለቅ አሳወቅኩ።

አሻራ የሚያነሳው ቢሮ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። አንድ ወጣት ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘ መሣሪያው መስታወት ላይ ተጫናቸው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ወጣ። ጠረገና ደገመ። እንደገና ቀይ። አውራ ጣቴን አምስት ጊዜ ሞከረው።

«ሥራሽ ምንድነው?» አለኝ።

«ሆቴል ነው የማጸዳው።»

«እ» አለ። የተገኘውን ልኮልኝ ወጣሁ።

የሆቴሉን ሥራ የጨረስኩት አርብ ነው። ጓደኞቼ ኬክ ገዝተው ሸኙኝ። ሰኞ ጠዋት የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ ኮል አደረገችኝ። አሻራዬ ተመልሷል፤ አይነበብም። «ያጋጥማል» አለችኝ። «እንደገና ተነሺ። ሥልጠናው የሚጀመረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ነው፤ ስም ዝርዝሩ የሚዘጋው ከዚያ በፊት ባለው አርብ ነው። እስከዚያ ካላለፈ ቦታውን ይዤ ልቆይልሽ አልችልም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መስኮት አጠገብ ቆሜ ጣቶቼን ወደ ብርሃኑ አዞርኩ። ልስልስ ብለው ያብረቀርቃሉ። እዚህ አገር ስገባ አስሩንም ጣቴን አንስተውኝ ነበር፤ ያኔ ማንም አይነበብም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ቢኖር ያ ሆቴል ነው።

ልጄ ኢንተርኔት ላይ ስታስስ አመሸች። ቆዳው እንዲመለስ ሁለት ሳምንት ያህል በረኪና የለም፣ ሙቅ ውሃ የለም፣ ዕቃ ማጠብ የለም፣ ሎሚና ሽንኩርት መንካት የለም፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሎሽን መቀባት። ባለቤቴ ሳያጉረመርም ዕቃ ማጠብ ጀመረ። ድስቱን ግን በደንብ አይፈትገውም፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ምላሴን እነክሳለሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የሠርግ ድግስ ነበረን። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ጆንያ ሙሉ ቀይ ሽንኩርት ከበው ይልጣሉ። ቢላዋ ሲያቀብሉኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ።

«ምነው? ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች አንዷ፣ ሁሉም ሳቁ።

ምን ልበል? አሻራዬ ተመለሰብኝ ብል፣ አሻራዋ የተመለሰባት ምን ሠርታ ነው ይባላል። እትዬ ከሽንኩርቱ ቀና ብለው አዩኝ። ለእሳቸው እንኳን አልነገርኳቸውም ነበር። ፊቴን አይተው የሆነ ነገር ገባቸው መሰለኝ።

«ሐኪም ከልክሏት ነው፤ ተዋት» አሉ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጎተት አድርገው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት አንዴ ተመልሶብኛል። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም» አሉኝ። «ለአንቺም ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ሆቴሉን ከመልቀቅሽ በፊት።» በእግዚአብሔር ቤት ቆመው ለእኔ ሲሉ ዋሽተዋል፤ በዚህ አልተቀየምኳቸውም።

ከባዱ ቀን ግን ማክሰኞ ነበር። የሆቴሉ ማኔጀር ደወለችልኝ። ያጸዳኋቸውን ክፍሎች ሌላ ሰው ይዟቸዋል፤ ላውንድሪው ውስጥ ግን ሰው ጎድሏታል፣ ከነገ ጀምሮ መምጣት እንደምችል ነገረችኝ። መልሴን እስከ ማታ ትፈልጋለች።

ላውንድሪ ማለት ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላና በረኪና ነው። ሁለት ቀን ብሠራ የተቀባሁት ሎሽን ሁሉ ከንቱ ነው። ካልሠራሁ ደግሞ አሻራው ሁለተኛ ከተመለሰ እጄ ላይ ምንም የለም።

ባለቤቴ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከሲንኩ ዞረ። «ሂጂ» አለ። «የያዝሽውን ያዢ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።»

«የብብቴን እኮ ጥዬዋለሁ። የቀረኝ የቆጡ ነው።»

«አሻራው ባያልፍስ?»

«ቢያልፍስ?»

ድምፃችን ከፍ አለ። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኛ ስንጣላ እንግሊዝኛዋን ትታ አማርኛ የምትናገረው አልፎ አልፎ ነው፤ ያን ዕለት ግን፣ «አባዬ፣ ተዋት» አለችው። እሱም ወደ ሲንኩ ተመለሰ። እኔም ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ማኔጀሯ ጋ ደወልኩና አልችልም አልኳት።

ሁለተኛውን አሻራ የተነሳሁት ከተማውን አቋርጬ ሂልቶፕ፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለ ቢሮ ነው። እዚያ ያለችው ሴት ትዕግሥት አላት ብለውኛል እትዬ። በዕድሜ የገፋች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። አልኮል ባለው ጨርቅ ጠረገች፣ አደረቀች፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብላ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው። ያኛው ልጅ ሲጫን ነበር፤ እሷ አትጫንም።

«አትርጂኝ» አለችኝ።

አልገባኝም።

«ጣትሽን አንቺ እየገፋሽው ነው። የእኔ አድርጊው። የሞተ እጅ አድርገሽ ስጪኝ።»

ሞከርኩ፤ አቃተኝ። እጄ ሥራ ሲያይ ራሱ ይሄዳል። «አትርጂኝ» አለች እንደገና፣ ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ። ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ ትንፋሼን መቁጠር ጀመርኩ፣ ያኔ ክንዴ ረገበ። ከአስሩ ጣት ሰባቱ አረንጓዴ አመጡ። ሦስቱን እስክትጨርስ አንድ ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረውም። ከኋላዬ የሚጠብቁት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ዝም አሉ።

ውጤቱ ዝርዝሩ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ። ምርመራው ለካ ሁለት ነው፤ የስቴቱ አልፏል። የፌዴራሉ አልተነበበም።

ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ወደ አውቶቡሶቹ ግቢ ነዳሁ። የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ በሩ ላይ ስታየኝ አልተደሰተችም፤ ግን አስገባችኝ። አሻራው ሁለት ጊዜ የተመለሰበት ሰው በአሻራ ሳይሆን በስሙ እንዲጣራለት መጠየቅ ይቻላል አለችኝ። ለዚህ ግን ሁለቱም የ«አይነበብም» ወረቀቶች ያስፈልጓታል። የሁለተኛው እጇ ላይ አለ። የመጀመሪያውን በስልክ ነው የነገሯት፤ ወረቀቱ አልደረሳትም።

«ያነሱሽ ቢሮ ይኖረዋል። አስር ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ እኔ ደግሞ ነገ የለሁም።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር። ሀይዌዩ ላይ የመንገድ ሥራ ነበር፣ መኪናው ሁሉ ቆሟል። በመጀመሪያው መውጫ ወርጄ በውስጥ መንገድ ሄድኩ። ትራፊክ መብራቶቹ ተማክረው የሚይዙኝ ይመስለኝ ነበር። ስደርስ ያው ወጣት በሩን ሊቆልፍ ቁልፍ ይዟል። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋኝ፤ አስሩን ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየሁት።

«አስታውስሻለሁ» አለ።

ኮምፒውተሩን መልሶ ከፈተ። በስሜ ፈለገ፣ የለም። የአባቴን ስም አስቀድሞ ፈለገ፣ የለም። ተይው ሊለኝ መሰለኝ። «በአያቴ ስም ሞክር» አልኩት። ወጣ። የመጀመሪያው ቀን ሲመዘግበኝ ስሞቼን አዘበራርቆ ነበር። ስሙን እዚያው አስተካክሎ ወረቀቱን አትሞ ሰጠኝ። ይህ የእሱ ስህተት እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

ተመልሼ ስደርስ አስር ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ወረቀቱን ተቀብላ ስካን አደረገች፣ ላከችው። «ከእንግዲህ ከእኔ እጅ ወጥቷል» አለች።

አርብ ዝርዝሩ ተዘጋ። ሰኞ ሥልጠናው ያለ እኔ ተጀመረ። ላልደረሱ ሰዎች ትምህርት ከመከፈቱ በፊት አንድ ትንሽ ሥልጠና እንዳለ፣ እዚያ ልገባ እንደምችል፣ ቃል ግን እንደማይገባልኝ ኃላፊው በስልክ ነግሮኛል። ስልኬን ሽንት ቤት እንኳን ይዤ እገባ ነበር። ማክሰኞ ምንም። ረቡዕ ምንም። ጸሎት እጀምርና ግማሹ ላይ ስልኬን አያለሁ። ባለቤቴ «ተነገረሽ?» ማለቱን ተወ፤ ፊቴን አይቶ ያልፋል።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ደወለች። «አልፏል» አለች። ምን እንደመለስኩላት አላውቅም። ከዘጋሁ በኋላ መልሳ ደወለችና፣ «ነገ በሁለት ሰዓት መምጣት እንዳለብሽ ሳልነግርሽ ዘጋሽብኝ» አለችኝ።

ሥልጠናው ላይ አራት ሰዎች ነበርን። ሁለት ቀን ቪዲዮ አየን፣ ስለ መጀመሪያ እርዳታ ተማርን። የመጨረሻው ፈተና አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ኃላፊው ራሱ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሙሉ ክብደቱን ለቀቀበት።

«አስሪኝ» አለ። «ከዚያ ሹፌሯ ትነዳለች፣ በድንገትም ትቆማለች። ከተንቀሳቀስኩ ወድቀሻል።»

ከፊት ሁለት ቀበቶ፣ ከኋላ ሁለት። ተንበርክኬ መንጠቆዎቹን አሰርኩ፣ ጎተትኩ፣ እንደገና ጎተትኩ። የደረቱን ቀበቶ ሳጠብቅ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። ልፈታለት ፈልጌ አልፈታሁለትም። አውቶቡሱ ተነሣ፣ ግቢውን ዞረ፣ ፈጠነ። ፍሬኑ ሲያዝ እኔ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተጋጨሁ፣ የአንዷ ሠልጣኝ የውሃ ጠርሙስ እስከ ሹፌሯ እግር ተንከባለለ። ዊልቸሩ ካለበት አልተነቃነቀም።

ሰውዬው ወደ ጎማዎቹ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ፈረመና ቀና ብሎ አየኝ።

«አሁን ፍቺኝ፤ ደረቴን አጥብቀሽዋል» አለ። «ሰኞ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል። አትዘግዪ።»

ሰኞ፣ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። የግቢው በር ገና አልተከፈተም ነበር፤ ሹፌሯም መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ቡና ትጠጣ ነበር። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ «ገብተሽ ተቀመጪ እንጂ፣ ይበርዳል» አለችኝ። ገባሁ።